ደብረ ማርቆስ ላይ ጎናችን ያደሩ ሰርገኞች አላስተኙንም፤ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

መንገደኛው

ሰላም ለሁላችሁ። ይቺን የምጽፈው ንዴቴ ከበረደ በኋላ ነው። በዚያው ጠዋት ብጽፍ ኖሮ የምሰድበው ሰው ይበዛ ነበር።

እናቴን ለሕክምና ከቢቸና ደብረ ማርቆስ ይዣት ሄጄ ነበር። ቀጠሮዋ ጠዋት 2 ሰዓት ስለሆነ ዋዜማውን ገብተን ማደር ነበረብን። ዘመድ አለን፤ ግን እማ "በሽታዬን ይዤ ሰው ቤት ገብቼ አላስቸግርም" አለች። እሺ ብዬ አስፋልቱ ዳር ካለ ሆቴል ባለ ሁለት አልጋ ክፍል በ1,400 ብር ያዝኩ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውኃ አለው፣ ብርድ ልብሱም ድርብ ነው። የማርቆስን የጥር ሌሊት ታውቁታላችሁ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እና ድርቡን ብርድ ልብስ ሳይ ደስ ብሎኝ ሌላ ምንም ሳልጠይቅ ከፈልኩ። ጥፋቴ ከዚህ ይጀምራል።

ማታ 3 ሰዓት ላይ እማ መድኃኒቷን ውጣ ጋደም አለች። 3 ተኩል ሲሆን ኮሪደሩ በሳቅና በጫማ ኮቴ ተሞላ። ሰርገኞች ናቸው። መልስ ላይ ውለው ለማደር የገቡ። ሦስት ክፍል ይዘዋል፣ አንዱ ከኛ ጋር ግድግዳ ይጋራል። በሮቹን ሁሉ ከፍተው ከአንዱ ወደ አንዱ ይመላለሳሉ። እስከ 5 ሰዓት ቻልኩት። ጥር ነው፣ ሰርግ ነው፣ ሰው አሁን ካልተደሰተ መቼ ሊደሰት ነው ብዬ። ከዚያ ግን ስፒከር መጣ። እስክስታው ሲጀመር የኛ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው መስታወት አብሮ ትከሻውን ይነቀንቅ ጀመር።

ወርጄ ለእንግዳ ተቀባዩ ልጅ ነገርኩት። "እሺ ጋሼ፣ አሁን እነግራቸዋለሁ" አለኝ። (31 ዓመቴ ነው። ጋሼ ያስባለኝ እንቅልፍ ማጣቱ መሆን አለበት።) ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፣ ምንም የለም። ድጋሚ ወረድኩ። ልጁ የለም። ጥበቃው ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። "ኧረ ተዋቸው፣ ሰርገኛ ናቸው እኮ፣ አሁን ይደክማቸዋል" አለኝ።

እንግዲህ ቆርጬ ራሴ ሄጄ አንኳኳሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ስትሰሙ አትሳቁ።

በሩን የከፈተው ወፍራም ደስ የሚል ሰውዬ ነው። አፌን ሳልከፍት "ግባ እንጂ! ግባ! ምን በር ላይ ያቆምሃል?" ብሎ ክንዴን ይዞ አስገባኝ። አንዷ ወንበር ለቀቀችልኝ። አንዱ አረቄ ቀዳልኝ። "የማን ወገን ነህ፣ የሙሽራው ነህ የሙሽሪት?" አሉኝ። እኔም "የጎን ክፍል ነኝ" አልኩ። ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው። ብርጭቆው እጄ ላይ ስለሆነ "እንኳን ደስ አላችሁ" ብዬ ጠጣሁት፣ ምን ላድርግ። ደገሙኝ። ወጥቼ ልሄድ ስል ብቻ "እስቲ ድምፁን ትንሽ ብትቀንሱት" አልኩ። "ችግር የለም፣ አንተ ብቻ እዘዝ!" አሉ። ክፍሌ ስመለስ እማ ነቅታ ቁጭ ብላለች። አሸተተችኝና "ልጄ፣ አንተንም ወሰዱህ?" አለች።

ለአሥር ደቂቃ ቀነሱ። ከዚያ ባሰ። እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ አላባራም። ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ ስነግረው "ማታ ቅሬታ አልደረሰንም" አለ። ገንዘብም አልመለሰም፣ ቅናሽም የለም።

ከወር በኋላ እዚያው ቀጠሮ አላት። ጥያቄዬ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ራሳችሁ ታንኳኳላችሁ? ሆቴሉን ትይዛላችሁ? ወይስ ዝም ብላችሁ ታድራላችሁ?

---

ሳሪስ

ወንድሜ፣ ችግሩ ሰርገኞቹ አይደሉም፣ ይሉኝታህ ነው። ከፍለህ ነው የገባኸው። በሩን ደብድበህ "ዝጉ!" ማለት ነበር፣ አለቀ። ሰው ሄዶ አረቄ ጠጥቶ ይመለሳል? ጉድ እኮ ነው።

---

የሌሊት ፈረቃ

ሳሪስ፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የጠጣ ሰው በር ደብድበህ አታውቅም መሰለኝ። እኔ ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ስድስት ዓመት የሌሊት እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ሠርቻለሁ። የተደበደበ በር ኋላ የሚያመጣውን ከወለል ላይ ስጠርግ የነበርኩት እኔ ነኝ።

መንገደኛው፣ መጀመሪያ ስለዚያ ልጅ ልንገርህ። ልጁ ክፉ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። ሌሊት ሆቴሉ ውስጥ ያሉት አንድ እንግዳ ተቀባይና አንድ ጥበቃ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ቤቱ ተኝቷል። ሦስት ክፍል የያዘው ሰው ምናልባት የባለቤቱ ወዳጅ ነው፣ ካልሆነም ታች እራት የበላው ሃያ ሰው የሱ ነው። ልጁ አንተን ቢያስቀይም የሚያጣው አንድ ክፍል ነው። እነሱን ቢያስቀይም ጠዋት የሚጠብቀውን እሱ ያውቃል። እና "እሺ" ይልሃል፣ ከዚያ ሽንት ቤት ሄዶ ይቆያል። እኔም አድርጌዋለሁ፣ ልዋሽህ አልፈልግም።

ስለዚህ ልጁን የሚችለውን ነገር ጠይቀው። "ይረብሻሉ" ስትለው የምትሰጠው ጠብ ነው። "ክፍል ቀይርልኝ" ስትለው ግን ቁልፍ አንስቶ መስጠት ብቻ ነው ሥራው። ባዶ ክፍል ካለ ከሌሊቱ 7 ሰዓትም ቢሆን ደስ ብሎት ይቀይርልሃል፣ እሱም ከጭንቅ ይገላገላል። ሌላ ክፍል ከሌለ ደግሞ "መታወቂያ ሲመዘግቡ ስልክ ጽፈዋል፣ ለከፈለው ሰውዬ ደውልለት" በለው። ልብ በል፣ ለከፈለው። ከቡድን ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሒሳብ የሚከፍል፣ ብዙም የማይጠጣ፣ ነገ ሾፌሩን የሚቀሰቅስ ሰው አለ። እሱ ጋ አንድ ስልክ ከተደወለ አሥሩን ሰው ራሱ ያስተኛል። በር አንኳኩቶ ለሁሉም መናገር ግን ለማንም አለመናገር ነው።

ሌላው፣ ስትናገር ሰዓቱን አስመዝግብ። አብዛኛው ሆቴል የፈረቃ መረካከቢያ ደብተር አለው። "እስቲ በደብተሩ ላይ ጻፍልኝ፣ ክፍል ይሄ፣ ሰዓት ይሄ" በለው። ጽፎ ከሆነ ጠዋት "ቅሬታ አልደረሰንም" የሚለው ነገር አይሠራም። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ደብተር ነው።

ግን እውነቱን ለመናገር ይሄ ሁሉ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነው። ሥራው ያለው ስትገባ ነው። ከመክፈልህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቅ፣ "ዛሬ ሰርግ አለ? ስልጠና አለ?" ስልጠናውን አትናቀው። ሰርገኛ አንድ ሌሊት ነው የሚጨፍረው፣ ሰልጣኝ ግን አበሉን ይዞ አምስት ቀን ይቀመጣል፣ በየኮሪደሩ ቆሞ ስልክ ያወራል፣ ማታ ደግሞ ካርታ አለ። ቡድን ካለ "የት ፎቅ ነው ያሉት?" በልና ሌላ ፎቅ ውሰድ። ከአዳራሹ በላይ አትያዝ። ከደረጃው ፊት ለፊት አትያዝ፣ የወጣውና የወረደው ሁሉ አንተ በር ላይ ነው የሚሰናበተው። ከጀነሬተሩ በኩል ያለው ክፍል ርካሽ ነው ቢሉህ ለምን እንደረከሰ መብራት ሲጠፋ ትረዳዋለህ።

ከዚያ ግድግዳውን በጣትህ አንኳኳው። ብሎኬት ከሆነ ድፍን ድምፅ ይሰጥሃል። እንደ ከበሮ ካስተጋባ አንዱ ትልቅ ክፍል በጂፕሰም ወይም በቺፕውድ ለሁለት ተከፍሏል ማለት ነው፣ እዚያ ጎረቤትህ ሲያስነጥስ "ይማርህ" ትለዋለህ። በሩም ሥር እይ። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ከኮሪደሩ የሚመጣው ድምፅ በዚያ ነው የሚገባው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባሕር ዳርና ማርቆስ ለዚህ ጉዳይ አንድ አይደሉም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሐይቅ ዳር ነው፣ ይሞቃል። ሰው መስኮት ከፍቶ ነው የሚያድር፣ ስለዚህ ጫጫታው የሚመጣው ከውጭ ነው፣ ከመንገድ፣ ከመዝናኛው፣ ከግቢው ጥብስ ቤት። እዚያ ከኋላ በኩል ያለ ክፍል ነው የሚፈለገው። ማርቆስ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ በጥር መስኮት የሚከፍት የለም። ጫጫታው ከውስጥ ነው፣ ከኮሪደርና ከግድግዳ። እዚያ የኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ክፍል ነው የሚሻለው፣ ወደ መንገድ ቢያይም ግድ የለም።

---

ሚዜ ነበርኩ

እኔ የምናገረው ከሌላኛው ግድግዳ ነው።

ሦስት ዓመት ይሆነዋል፣ የጓደኛችን ሰርግ ፍኖተ ሰላም ነበር። አምስት ሚዜ አንድ ክፍል ገብተን እስኪነጋ ስንጨፍር አደርን። ማንም አልተናገረንም። ጠዋት ቁርስ ላይ አንድ ሽማግሌ ከጎናችን ክፍል ወጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ሊቆጡን ነው ብለን አንገታችንን ደፋን። እሳቸው ግን "ልጆቼ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ዛሬ ሙግት አለብኝ፣ ስለኔም ጸልዩ" ብለውን ሄዱ። እስከዛሬ ሳስበው ያመኛል። ቢሰድቡን ይሻል ነበር። ጎጃሜ ሲቆጣ እንዲህ ነው፣ ሰሙን ለምርቃት ይሰጥሃል፣ ወርቁን ቤትህ ገብተህ ስትፈታ ታድራለህ።

የምልህ፣ እኛ ጎረቤት መኖሩን አላወቅንም። በመጠጥና በዘፈን ውስጥ ያለ ሰው ግድግዳ የሚባል ነገር ያለ ይመስለዋል። አንድ ሰው መጥቶ ምክንያቱን ቢነግረን በአንድ ደቂቃ ነበር የምናጠፋው። አንተ ሄደህ ምን አልክ? "ድምፁን ትንሽ ቀንሱት።" ትንሽ ቀነሱ። ምን አጠፉ? ለምን "እናቴ ታማለች፣ ጠዋት ሐኪም ጋ ትቀርባለች" አላልክም? በማርቆስ እምልልሃለሁ፣ ይህን የሰማ ሰርገኛ ስፒከሩን ማጥፋት ብቻ አይደለም፣ ጫማውን አውልቆ ነው የሚሄደው። እንዲያውም የሰርጉ ሽማግሌዎች ሊጠይቋት ይመጡ ነበር፣ ያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

የሚቀጥለው ጊዜ ማታ ገና ሲገቡ፣ ሳይጠጡ፣ ኮሪደር ላይ አግኛቸው። መጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ በል። ከዚያ ትልቁን ሰው ለይተህ የእናትህን ነገር ንገረው። ሳይጠጡ የሰጡህን ቃል ጠጥተውም ያስታውሱታል፣ ቢያንስ አንዱ ያስታውሰዋል። ከጠጡ በኋላ የሰጡህ ቃል ግን ከአረቄው ጋር ይተናል፣ አይተኸዋል።

---

መንገደኛው

ሚዜ ነበርኩ፣ ነክተኸኛል። እንድናገር የከለከለችኝ እሷ ናት። ከመውጣቴ በፊት "በሽታዬን ሰርግ ቤት እንዳታወራ" አለችኝ። ለሙሽሮቹ ጥሩ አይደለም ብላ ነው። የታመመ ሰው ስም በሰርግ ላይ መነሳት የለበትም ትላለች። እኔ ደግሞ ሌላ ምን ምክንያት ልስጥ? ባዶ እጄን ነው የሄድኩት።

ጠዋት ደግሞ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "መዝፈን ቢያውቁ እኮ ባልከፋኝ ነበር።"

---

ብቻዬን ተጓዥ

እማዬ ትኑርልህ፣ ሳቅኩ።

ግን "ሄደህ አንኳኳ" "ኮሪደር ላይ አግኛቸው" የምትሉት ሁላችሁም ወንዶች መሆናችሁ ያስታውቃል። እኔ ለሥራ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ሞጣ፣ ብዙ ጊዜ ብቻዬን አድራለሁ። ሴት ልጅ ሌሊት የጠጡ ወንዶች በር ብታንኳኳ ያ አረቄ ለኔ ቀልድ አይደለም። እንዲያውም ሁለት ጊዜ የገጠመኝ ተቃራኒው ነው፣ እነሱ መጥተው የኔን በር አንኳኩ። አንዱ "ተሳስቼ ነው" አለ። ሦስት ጊዜ ተሳሳተ።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ስገባ ከምንም በፊት የእንግዳ ተቀባዩን የእጅ ስልክ ቁጥር እይዛለሁ። የሆቴሉን መደበኛ ስልክ አይደለም የምላችሁ፣ እሱ ሌሊት አይነሳም፣ ያኛው ግን የልጁ ኪስ ውስጥ ነው ያለው። ካልተነሳም ጥበቃው አለ፣ ስሙን ጠይቄ ነው የምገባው። "አያ እገሌ" ብለህ በስሙ የምትጠራው ጥበቃና "ጥበቃ!" ብለህ የምትጠራው ጥበቃ አንድ አይደሉም። ጠዋት ላይም ሻይ እላለሁ። ከክፍሌ ሳልወጣ እደውላለሁ። በር አልከፍትም። "ዝም አስብሉልኝ" አልልም፣ "ክፍል እፈልጋለሁ፣ እናንተ መጥታችሁ ሻንጣዬን ያዙ" ነው የምለው። መቀየር ካልቻሉ ከውስጥ መቀርቀሪያዬን ዘግቼ አድራለሁ። ጠዋት ሒሳብ ላይ እናወራለን።

አንድ ቀን ሞጣ ላይ ከጥበቃው ጋር ያለችው ወጥ ሠሪ ራሷ መጥታ "ልጄ፣ የኔ ክፍል ነይ፣ እኔ የትም እተኛለሁ" አለችኝ። እንቢ ብያት ነበር። አልሰማችኝም። ከዚያ ወዲህ ሞጣ ስሄድ ስኳርና ቡና ሳልይዝላት አልሄድም።

---

ወረቀት ወዳድ

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል። እኔ ወረቀቱን ላምጣ፣ ለጠዋቱ ክርክር ይጠቅማል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1225 ባለ ሀብት ጎረቤቱን ማወክ እንደሌለበት ይናገራል፣ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት ሁሉ ተጠቅሰዋል፣ ከመልካም ጉርብትና ልክ ሲያልፉ። ይህ በቀጥታ የሚመለከተው ጎን ለጎን ያሉ ባለ ይዞታዎችን ስለሆነ ላንተና ለሰርገኞቹ አይደለም። ሆቴሉ ጎን ቤት ያለው ሰው ግን ሊጠቀምበት ይችላል። ከዚያ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፣ ድምፅንም እንደ ብክለት ይይዛል። በአገራችን ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ የተፈቀደው ቀን 55 ዴሲቤል፣ ሌሊት 45 ነው። ለንግድ አካባቢ ቀን 65፣ ሌሊት 55። ሌሊት የሚባለው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ልኬቱ እንዲገባችሁ፣ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ በተለምዶ ሲያወራ ወደ 60 ይደርሳል። በ10 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ደግሞ ጆሮ እጥፍ የሆነ አድርጎ ነው የሚሰማው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመኝታ ክፍል ውስጥ የሚመክረው 30 ነው። መስታወት የሚያስጨፍር ስፒከር የትኛውም ጋ አይገባም።

አሁን እናንተ ልትሉ የፈለጋችሁትን ላስቀድም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አዋጅ ቁጥር ጠቅሰህ የሚሰማህ የለም። እኔም ሞክሬ "አቶ አዋጅ" የሚል ስም ወጥቶልኛል። ወረቀቱ የሚሠራው ጠዋት ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለገዛኸው አገልግሎት መብት ይሰጥሃል፣ ማደሪያም የተገዛ አገልግሎት ነው። ግን ለዚህ ደረሰኝ ያስፈልግሃል። መንገደኛው፣ ደረሰኝ ተቀብለሃል?

---

መንገደኛው

ደረሰኝ የለኝም። "ያለ ደረሰኝ 1,400፣ በደረሰኝ ይጨምራል" ሲሉኝ ያለ ደረሰኝ አልኩ።

---

ወረቀት ወዳድ

እንግዲህ ተኛ።

---

የሌሊት ፈረቃ

ሃሃ። ወረቀት ወዳድ ትክክል ነህ፣ ግን ደረሰኝ ባይኖርም የሚሠራ ነገር አለ። ጠዋት ሥራ አስኪያጁን "ገንዘቤን መልስ" ስትለው ከኪሱ እያወጣህ ስለሆነ ይከላከላል። "ቁርስ ጋብዘን፣ ሰዓቱንም እስከ ቀኑ 8 አራዝምልን፣ እናቴ ከሐኪም መልስ ትተኛበት" ብትለው ግን ምንም አያወጣም፣ ክፍሉ ያው ባዶ ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ እሺ ይላሉ። ለታመመ ሰው ደግሞ ያ የቀን እንቅልፍ ከ300 ብር ቅናሽ ይበልጣል።

---

የአስፋልት ልጅ

እኔ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ጭነት እመላለሳለሁ፣ የዓባይን በረሃ የወጣሁበትን ቁጥር አላውቀውም። በሕይወቴ ግማሹን ሌሊት ያደርኩት በሰው ጫጫታ ውስጥ ነው፣ ደጀን፣ ሉማሜ፣ አማኑኤል፣ ደንበጫ፣ ቡሬ። የናንተን ያህል አላወራም፣ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ።

ባር ያለው ሆቴል አልገባም። ፔንሲዮን ነው የምገባው። ማታ ታች ቢራ የማይሸጥበት ቤት ሌሊት ዝም ይላል። ሙቅ ውኃ ላይኖረው ይችላል፣ ግን እንቅልፍ አለው። መታጠብ ጠዋትም ይቻላል።

ጆሮ ላይ ጥጥ አትወትፉ፣ ምንም አይሠራም። ፋርማሲ ወይም የሥራ ደህንነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ያ እንደ ስፖንጅ የሆነው የጆሮ መድፈኛ አለ። በጣቶችህ አሽተህ ታቀጥነዋለህ፣ ጆሮህን በሌላው እጅህ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገህ ታስገባዋለህ፣ እስኪነፋ ትይዘዋለህ። ሰው ዝም ብሎ አፉ ላይ ሰክቶት "አይሠራም" ይላል። በደንብ ከገባ 20፣ 30 ዴሲቤል ይቀንሳል (ወረቀት ወዳድ ይፈትሸው)። ወሬና ሳቅ ይጠፋል። የስፒከሩ ዱም ዱም ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ እሱ በአጥንትም በአልጋም ይመጣል። ለዚያ አልጋውን ከሚጋሩት ግድግዳ አርቁት፣ አንድ ክንድም ቢሆን። በበሩ ሥር ፎጣ ወይም ጋቢ ጠቅልላችሁ ወትፉ። ይቺ ብቻዋን ግማሽ ሥራ ናት።

እማማ ግን ጆሯቸውን ቢደፍኑ እንዳትርቅ፣ ሌሊት ቢጠሩህ አንተም ደፍነህ ከሆነ አትሰማም። አንዱ ይደፍናል አንዱ ይነቃል። እኔና ረዳቴ እንዲህ ነው የምናደርገው፣ መኪናውን የሚጠብቅ ጆሮ ያስፈልጋል።

ደግሞ ጥር 23 እንጅባራ አትደሩ፣ ለመተኛት ካሰባችሁ። የአገው ፈረሰኞች ቀን ነው፣ ከየወረዳው ፈረሱ ይመጣል፣ አልጋ በእጥፍም አይገኝ። ገና ሳይነጋ ኮቴው አስፋልቱን ሲመታው መስኮቱ ሥር ዝናብ የጣለ ይመስላል። እኔ ግን ሆን ብዬ ጭነቴን ለዚያ ቀን አስተካክዬ እዚያው አድራለሁ። እንቅልፍ ሌላ ቀን አለ።

---

ሳሪስ

እሺ፣ አምኛለሁ፣ በር መደብደቡን ትቼዋለሁ። ግን አንድ ጥያቄ። ሰርገኞቹን ሁላችሁም እንደ ዝናብ ነው የምታዩት፣ መጣ ሄደ። እነሱስ ምንም ግዴታ የለባቸውም? የታመመ ሰው ይኖራል ብሎ ማሰብ ያቅታል?

---

ሚዜ ነበርኩ

አለባቸው እንጂ። ከፍኖተ ሰላሙ በኋላ እኛ ሰርግ ሲኖር ስንገባ ለእንግዳ ተቀባዩ "ልንጫወት ነው፣ ሰው የሌለበት ፎቅ አንድ ላይ አድርገን" እንላለን። አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ካልተገኘ ደግሞ ታች ምግብ ቤቱን ትንሽ ከፍለን እስከ 6 ሰዓት እናስከፍተዋለን፣ ጭፈራው እዚያ ያልቃል፣ ፎቅ ላይ የምንወጣው ለመተኛት ነው። ይህን ለማወቅ ግን የእኒያ ሽማግሌ ዓይን ያስፈልገን ነበር። ሌላው እስኪያፍር ድረስ ይጨፍራል።

---

መንገደኛው

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። በተለይ የኮሪደሩ መጨረሻና የከፋዩ ሰውዬ ነገር ገብቶኛል። የጆሮ መድፈኛውንም ባሕር ዳር ያለ ጓደኛዬ እንዲገዛልኝ ነግሬዋለሁ። ቀጠሮው የካቲት መጨረሻ ላይ ስለሆነ ያኔ ጾም ይገባል፣ ሰርጉስ የለም። የሚያሰጋኝ "የሌሊት ፈረቃ" የነገረኝ የሰልጣኝ ጉዳይ ነው።

ትናንት ከወዲሁ ብዬ ሌላ ሆቴል ደወልኩ። አንዲት ልጅ አነሳች። እንደመከራችሁኝ "በዚያ ቀን ሰርግ አለ?" አልኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ "ጌታዬ፣ ጾም እኮ ነው" አለች። "ስልጠናስ?" አልኳት። "ስንት ሰው ነው የምታሠለጥኑት? አዳራሻችን መቶ ሃምሳ ይይዛል፣ ሻይ ከነዳቦው በኛ ነው" አለችኝ። የለም፣ ሁለት ሰው ነን፣ እናቴና እኔ፣ የምንፈልገው መተኛት ነው አልኳት።

"ለመተኛት ብቻ?" አለች።